ጉልበቴን የከሰሰው የብርቱካን ልጣጭ

ልጄ ከብርቱካን ልጣጭ ዕቃ ትሠራለች ብዬ የነገርኳቸው ዕለት የሞአዶኑ ሴቶች ሁሉ ማርማላታ መሰላቸው። ሞአዶን የምንለው እኛ የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ሽማግሎችና አሮጊቶች ጧት ጧት የምንሰበሰብበት ክበብ ነው። "እሰይ! ለኛም አንድ አንድ ጠርሙስ አምጪልን እንጂ" አሉኝ። ማርማላታ አይደለም ብላቸው ደግሞ "ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ። ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። እኔ ራሴ በቅጡ ያልገባኝን ነገር ምን ብዬ ላስረዳቸው? "የምትለጠፍ ናት" ብዬ ተገላገልኩ።

ልጄ መሐንዲስ ናት። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ትሠራለች። የብርቱካኑን ልጣጭ ያጥቡታል፣ ውስጡ ያለውን ቃጫ ያወጡታል፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ያደርቁታል። ሁለት እንዲህ ያለ ስስ ነገር ደርበው ከመዳፍ የማትበልጥ ልጥፍ ያደርጓታል። በመጽሐፍ ቋንቋ የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ይሏታል። ሰውነት ላይ ስትለጠፍና ሰውየው ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ንብርብሮች ይነካካሉ፣ ይላቀቃሉ፤ ከዚያ መነካካት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ባትሪ የሚባል ነገር የላትም። "በብርድ ጊዜ የናይሎን ሹራብሽን ስታወልቂ ጠጉርሽ ይንጣጣ የለም እማ? እሱ ነው" አለችኝ ልጄ። ሰው ሲሄድ የሚወጣው ሌላ፣ ሲቀመጥ የሚወጣው ሌላ፣ ሲንገዳገድ የሚወጣው ሌላ ነው። ልጥፏ ይህንኑ ለስልክ ታቀብላለች።

"እና ወሬኛ ናት በይኛ!" አልኳት።

"አዎ፣ ወሬኛ ናት" አለችኝ እየሳቀች። "ግን እማ፣ አትዋሽም።"

እኔ እዚህ አገር የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ነበር። የበሰበሰውን ከደህናው ስንለይ፣ ልጣጩ በእጃችን ላይ ሲጣበቅ፣ ማታ እጄን ስታጠብ ሽታው አልለቅ ሲለኝ ስንት ዘመን! እኛ የጣልነውን ልጄ አንሥታ ዕቃ አደረገችው። እንግዲህ ልኩራ ወይስ አልኩራ? እኮራለሁ! ወልዶ መሳም ዘርቶ መቃም የሚሉት ይህን ነው። ትዕቢት ነው የሚለኝ ካለ ሄዶ የራሱን ልጅ ያስተምር።

ይህች ልጅ ስታድግ ግን በድምጿ ተቸግሬ ነበር። አንገቷን ደፍታ፣ ታላቅ ሲናገር ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ በኛ ቤት ደንብ ነው ያደገችው። አስተማሪዎቿ እየጠሩ "ልጅሽ አትናገርም፣ የሆነችው ነገር አለ?" ይሉኛል። "ምንም አልሆነችም፤ ዝም አይነቅዝም" እላቸዋለሁ። ጦር ሠራዊት ገባች፣ እዚያም ዝም። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እዚያም ዝም ብላ በማዕረግ ወጣች። ሥራ ስትይዝ አለቃዋ "አሳብሽ ጥሩ ነው፣ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅሽ አይሰማም" እንደሚላት ነገረችኝ። በዚህ አገር ያልጮኸ ሰው መኖሩም አይታወቅ።

ባለፈው ክረምት ከሱቅ ስመለስ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራተትኩ። አጥንቴ አልተነካም፤ ዳሌዬ ጠቁሮ ሰነበተ እንጂ። ግን ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሕንጻው አሮጌ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ታላቁ ልጄ ከነሚስቱና ልጆቹ ደቡብ ነው የሚኖረው፤ ወሬውን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ እየበረረ መጣ። ይወደኛል ልጄ። ፍቅሩ ግን የፖሊስ ፍቅር ነው። ገና ሳይቀመጥ "በቃ፣ ቤት አቮት ትገቢያለሽ" አለኝ። ቤት አቮት የሽማግሎች ማደሪያ ነው። ሄዶም አይቶልኛል፤ አትክልት አለው፣ ነርስ አለው፣ ካርታ የሚጫወቱ የሩስያ ሴትዮዎች አሉት።

"እዚያ ማን ያናግረኛል?" አልኩት። "በማን ቋንቋ ልታመም?"

"ትለምጂዋለሽ።"

"አንተ ልመደው!"

ቤቴን መልቀቅ ማለት ለኔ ምን እንደሆነ ላስረዳው አልቻልኩም። እቤቴ ሆኜ ግድግዳውን ብመታ ሞሮኳዊቷ ጎረቤቴ "ምን ሆንሽ?" ብላ ትመጣለች። ታች ያለው ባለሱቅ በርበሬዬን ያውቃል። ሞአዶኑ መንገድ ተሻግሬ ነው። እነዚህን ሁሉ ጥዬ የሰው ካርታ ስመለከት ልሙት? ታናሿ ልጄ፣ መሐንዲሷ፣ እዚሁ አቅራቢያ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ከባሏ ጋር ስለምትኖር ከሥራ ስትወጣ ሁሌም ታየኛለች። "እኔ አለሁላት" አለችው። እሱ ግን "አንቺ ማታ ነሽ፤ ቀን ማን አላት?" አላት። ሲጨቃጨቁ ቆዩና በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገረ። "እሺ፣ ያንቺው ልጥፍ ትፍረድ። እስከ ፋሲካ ታድርጋት። ጉልበቷ ደህና ነው ካለች አፌን እዘጋለሁ። ደክማለች ካለች ግን እኔ እወስዳታለሁ።"

"ተስማማሁ!" አልኩ፣ ልጄ አፏን ሳትከፍት። በጉልበቴም አምናለሁ፣ በልጄም እጅ አምናለሁ፤ ምን ያስፈራኛል?

ያን ጊዜ ኩባንያዋ ልጥፏን ለሽማግሎች እየሰጠ የሚሞክርበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው ለብሷታል አለችኝ፤ ከኛ ሰው ግን የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ጭኔ ላይ በቀሚሴ ሥር ተለጠፈች። ቀላል ናት፤ መኖሯንም ትረሺዋለሽ። ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ አወልቃታለሁ። ስራመድ ኤሌክትሪክ የምትሠራ ነገር አድርጌ ሰንበት ልሽር እንዴ? ልጄ ይህን ስለምታውቅ ቅዳሜን አስቀድማ ከሒሳቡ አውጥታዋለች። ሞአዶን ስገባ ሴቶቹ "እስኪ እንያት" ይሉኛል። "ጭኔን ለናንተ ልገልጥ ነው? ሂዱ ወዲያ!" እላቸዋለሁ። ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። ሌላዋ በቀሚሷ ሥር የራሷን ጉልበት ብቻ ነው የያዘችው፤ እኔ የልጄን ሥራ ይዣለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጄ ከሥራ መጣች፤ ፊቷ ልክ አይደለም። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም፤ እንደያዘች ተቀመጠች።

"እማ፣ ጧት ጧት ጉልበትሽን ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"አትደብቂኝ።"

"ምን ብዬ እደብቅሻለሁ! ምን መጣ?"

አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ደህና ነሽ አለችኝ። ሞአዶን ስትሄጂ ግን ለመነሣት ትሞክሪያለሽ፤ ከወንበሩ ግማሽ ትነሺና ጉልበትሽ ይከዳሻል፣ ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ። ደግሞ ትሞክሪያለሽ፣ ደግሞ ትቀመጫለሽ። በአንድ ጧት ስንት ጊዜ! እነሱ መሥሪያ ቤት ይህን "ያልተሳካ መነሣት" ይሉታል፤ ሰው ከመውደቁ በፊት የሚታይ ምልክት ነው። አለቃዋ አይቶ ደስ ብሎታል። ሐኪም ያላየውን የኛ ልጥፍ አየችው ብሎ በሰው ፊት "ኮል ሃካቮድ!" አላት፤ ጎሽ፣ የኔ ጀግና እንደማለት ነው። ልጄ በእናቷ መድከም ተመስግና መጣች።

"እኔ?" አልኩ። "እኔ ነኝ መነሣት ያቃተኝ?" ብድግ አልኩ። ጠረጴዛውን ዞርኩ። ቁጢጥ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ቁጢጥ አልኩ። "ይኸው! ይኸው! አየሽ?"

"ቤት ውስጥማ ደህና ነሽ አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያው ይቺ ልጣጭ ዋሽታለች።"

"አትዋሽም እማ። በሌላው ሰው ሁሉ ላይ ልክ ናት።"

"ልጣጭሽ አትዋሽም፣ እናትሽ ትዋሻለች? በይ ይሁን!"

እንባዋ መጣ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔም ከተናገርኩት በኋላ ነው የደነገጥኩት። የጨነቃት ነገር ያኔ ገባኝ። ልጥፏ እውነት ከሆነች እናቷ ከቤቷ ትወጣለች። እናቷ እውነት ከሆነች ስንት ዓመት የደከመችበት ሥራ ገደል ይገባል። ከኔና ከልጥፏ አንዳችን መውደቃችን ነው፤ የሁለታችንም ሰው ደግሞ እሷ ናት። አቀፍኳት።

ወንድሟ በስልክ ሲጠይቃት አልዋሸችውም። መዋሸት አታውቅም። "ቃል ቃል ነው" አለ። ቤት አቮቱን ሊያሳየኝ ቀን ቆረጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ምናልባት ደክሜ ይሆናል፣ ሰው ድካሙን ራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር ጉልበቴን እንደ ሌባ እጠብቀው ጀመር።

ልጄ ግን እንዲሁ አልተወችውም። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ በማግሥቱ ጧት ሞአዶን መጣች። "አጠገብሽ ልቀመጥ" አለችኝ። "ተቀመጪ፤ ስወድቅ ያዢኝ" አልኳት። እኔ ሁሌም በር አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደቀረ ማየት እወዳለሁ። እሷ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። "ኖር!" አልን። "በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!" እያሉ አለፉ። ተቀመጥን።

ልጄ ስልኳን አየች። እኔን አየች። "አሁን ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግኩ?"

"አሁን! ልትነሺ ሞክረሽ አቃተሽ?"

"ሰው ገባ እኮ! ተዘፍዝፌ ልቀበላቸው ኖሯል?"

ሁለት ሴቶች ተከታትለው ገቡ። ኖር፣ በእግዜር። ኖር፣ በእግዜር። ስልኳ ላይ ሁለቴ ምልክት ወጣ። የልጄ ዓይን ከስልኩ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ስልኩ ይመላለሳል። ደንቡን መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሣለታል። ግን ትልቅን ሰው አስነሥቶ ማቆም ነውር ነው፤ ስለዚህ ገቢው በእግዜር ብሎ ለማስቀመጥ ይፈጥናል፣ ተነሺው ደግሞ ሳይነሣ እንዳይቀደም ይፈጥናል። ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እንደኔ በሸመገለ ሰው ቤት ሙሉ መቆም የለም፤ ግማሽ ነው።

ይሄኔ የክበቡ ማኅበራዊ ሠራተኛ ገባች። ፈረንጅ ናት፣ ልጅ እግር፣ ጠጉሯን ወደኋላ ያሰረች፣ ደግ ልጅ። "ሻሎም ለኩላም!" ብላ ሁላችንንም ባንድ አፍ ሰላም አለችና ወረቀቷን ታቅፋ ወደ ውስጥ ነጎደች። ኖር አልኳትና ተነሣሁ። ማን ያስቀምጠኝ? በእግዜር የምትል አይደለች። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እስክታልፍ ጠበቅኩና ተቀመጥኩ።

ልጄ ስልኳን አየች። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ! ድምጿ የማይሰማው ልጄ ቤቱን አናጋችው። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ዞር አሉና "ልጅቱን ምን ነካት?" አሉ።

"እማ! ላገራችን ሰው ግማሽ፣ ለፈረንጅ ሙሉ ነው የምትነሺው!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ፈረንጁ በእግዜር አይለኝ!"

ሞአዶኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ እንባዋን እየጠረገች "እኔ ራሴ እነሣለሁ እኮ፤ ዕድሜ ልኬን ስነሣ ኖሬ እንዴት አላሰብኩትም!" ትላለች። ልጥፏም አልዋሸችም፣ እኔም አልዋሸሁም። ግማሽ መነሣቴን አየች፤ ለምን እንደሆነ የነገራት አልነበረም። ያ ሁሉ ፍርሃት ከላዬ ሲወርድ ጉልበቴ የሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት ሆነ።

ወዲያው እዚያው ሆና ለአለቃዋ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ሳቋ ጠፍቷል። "ቀላል ነው አለኝ። ለሙከራው ጊዜ ብቻ ባይነሡስ፣ ንገሪያቸው አለኝ።"

"ምን?" አልኩ። "ሰው ሲገባ እንደ ድንች ጆንያ ልቀመጥ? ለልጣጭ ብዬ? ይህን የሚል ሰው እናት አላሳደገችውም? ውሰጂኝና ልየው!"

እውነት ይዛኝ ሄደች። እሁድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነውና፣ እሁድ ጧት በአውቶቡስ ፖሌግ ወረድን። መሥሪያ ቤታቸው ስንገባ የብርቱካን ሽታ ተቀበለኝ፤ ያ ማሸጊያ ቤት የማውቀው ሽታ፣ ግን ብስባሽ የለበትም። ወጣቶቹ ነጭ ካፖርት ለብሰው ያን ስስ ነገር በመቆንጠጫ ያነሣሉ፣ ይደርባሉ። ብዙው ልጄን እያየ አንድ ነገር ይጠይቃታል፤ እሷ በጣቷ ታሳየዋለች፣ እሱ እሺ ይላል። እዚያ ቤት እሷ ታላቅ ናት! አላውቅም ነበር።

አለቃዋ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ራሱ ውኃ ቀድቶ አመጣልኝ፣ ደህናውን ወንበር ሰጠኝ። በተነጋገርን ቁጥር ግን አንድ ሰው ይገባል፣ እኔም እነሣለሁ። "ሼቪ፣ ሼቪ" ይለኛል፤ ተቀመጪ ማለቱ ነው። ሌላ ይገባል፣ ደግሞ እነሣለሁ። መጨረሻ ላይ ደከመውና ለልጄ "አየሽ፣ ይህ እንቅስቃሴ ሥራችንን ይረብሻል። ከሒሳቡ እንጥረገው፣ ወይም ይተዉት" አላት።

ልጄ መሬት መሬት ስታይ አየኋት። አይ፣ አሁንም ዝም ልትል ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀና አለች። ዓይኑን በዓይኗ አየችው።

"ስሕተቱ የኛ ነው" አለችው። ዕብራይስጡን ሁሉ አልያዝኩትም፤ ይህን ይህን ግን ያዝኩ። "ሰው ሲያከብርና ሰው ሲወድቅ ለይታ የማታውቅ ልጥፍ ሠርተናል። የናቴ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚነሣው። ለሁሉም ደካማ ናችሁ ልንላቸው ነው? እናቴ በዚህ ስሕተት ከቤቷ ልትወጣ ነው። እናቴ አትለወጥም። ልጥፏ ትማር።"

"ቀላል አይደለም" አላት።

"አውቃለሁ። እኔ እሠራዋለሁ።" ይህን ስትል መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አልጮኸችም። ግን በመስተዋት ግድግዳው ማዶ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ቀና አሉ።

ሰውየው ወደ ኋላ ተደገፈ። እኔን አየ፣ እሷን አየ። "ስንት ሰው ታመጪልኛለሽ?" አላት።

"ሞአዶኑን በሙሉ።"

"እሺ" አላት።

 ያቺ አትናገርም ተብዬ የተጠራሁባት ልጅ! እልልታ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። መሥሪያ ቤት ነው ብዬ ዋጥኩት። ታዲያ ሁሉንም አልዋጥኩትም፤ ግማሹ አመለጠኝ። ነጭ ካፖርቶቹ በሙሉ እየሮጡ መጡ፣ አለቃዋ የሆንኩት ነገር መስሎት ውኃ ሊደፋብኝ ነበር። "ደህና ናት፣ ደስ ብሏት ነው" ብላ ልጄ አስረዳቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸውን ሳምንታት አልረሳቸውም። ሞአዶኑ በሙሉ ልጥፍ ለጠፈ። እነዚያ ጭንሽን እንይ ሲሉኝ የነበሩት ሴቶች አሁን እርስ በርሳቸው የኔ ቀደመ፣ ያንቺ ዘገየ ይባባላሉ። አንድ ሰው ከውጭ ይገባል፣ እኛ እንነሣለን፣ ልጄ ትመዘግባለች። የመግባቱ ሥራ ለሽማግሌው ተሰጣቸው። ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። "መግባት እንዲህ ያለ የጉልበት ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር" ብለው በር ላይ ቆመው አማረሩ። "አንቱ ምን አለብዎት፣ ሁሌም የሚነሣልዎት አለ" አልኳቸው።

ልጄ ልዩነቱን አገኘችው። አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ሁለት መስመር በስልኳ አሳየችኝ። አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ዱብ ይላል፤ ሌላው ወጥቶ እየለሰለሰ ይወርዳል። "ጉልበቱ የከዳው ሰው ከብዶ ይወርዳል። ያከበረ ሰው ቀሎ ይወርዳል" አለችኝ። ስትሠራው ስላደረችው ነገር እንዲህ ባለ አማርኛ ስትነግረኝ ዓይን ዓይኗን አየኋት። አሁን ልጥፏ ግማሽ መነሣትን ስታይ መክሰሷን ትታ ስሙን ትጽፋለች፤ በዕብራይስጥ ፊደል "ኖር" ይላል። እዚያ መሥሪያ ቤት ያሉ ልጆችም ቃሉን ለምደውታል።

ጉልበቴ ደህና ነው ብላ ለወንድሟ ላከችለት። እሱ ግን "የራስሽን ልጥፍ ራስሽ አስተካክለሽ ለናትሽ ፈረድሽላት" አላት። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፤ ግን አልፈረድኩበትም። ለናቱ የሚጨነቅ ሰው በተላከለት ወሬ ብቻ ተረጋግቶ አይተኛም። ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ ዓርብ፣ ራሱ መጣ። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"እማ፣ ልጥፉን ተዪው" አለኝ። "በዓይኔ ልየው። እስኪ ተነሺ።"

"ለማን ብዬ?"

"ለኔ።"

"እናት ለልጇ ስትነሣ የት አገር አይተሃል?"

"እማ፣ እባክሽ። አንዴ ብቻ ተነሺ፣ ቁልፌን ይዤ ወደ ቤቴ ልመለስ። ካልተነሣሽ ዛሬ ሄደን ቦታውን እናያለን።"

መነሣት መች ያቅተኛል? ግን አልተነሣሁም። የወለድኩት ልጅ ተነሺ ተቀመጪ ብሎ እንደ በግ ሊመረምረኝ ነው? አቀርቅሮ እጁን ሲያሻሽ አየሁት፤ አሳዘነኝም። እልሄ ቤቴን እንደሚያሳጣኝም አውቃለሁ። ግን ከተቀመጥኩበት አልነቃነቅም አልኩ። ታች ከሱቁ በር ላይ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

በሩ ተከፈተና ታናሿ ልጄ ገባች። ከፖሌግ መምጣቷ ነው፤ በሁለት እጇ የሰንበት ዕቃ ተሸክማለች፣ ፊቷ ደክሟል፣ ጠጉሯ ላይ ነጭ የቃጫ ብናኝ አለ።

አስቤበት አይደለም። እግዜር ያውቃል፣ አላሰብኩትም።

"ኖር!" አልኩና ተነሣሁ።

ታላቁ ልጄ ብድግ ብሎ በብብቴ ሊይዘኝ መጣ። "እጅህን ሰብስብ!" አልኩት። ሰበሰበ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ወገቤም፣ ጉልበቴም፣ አንገቴም።

እሷ ደጃፉ ላይ ከነዕቃዋ ደርቃ ቀረች። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ስንቱን ሰው ያስቀመጠችበት ቃል ነው፤ እናት ስትነሣላት ግን ከየት ታምጣው? ወንድሟ ጉልበቴን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

"በእግዜር በያት እንጂ" አላት ቀስ ብሎ። "እናታችን ቆማ ልትቀር ነው እንዴ?"

እንባዋ ወረደ፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። እኔ አልቸኮልኩባትም፣ ቆሜ ጠበቅኋት።